ሁለት ናኖ አለኝ፣ አንዱ ኮድ አልቀበል አለ፤ ፕሮሰሰር ላይ የቱን ልምረጥ?

ሽቦ በሽቦ

ሰላም ለሁላችሁም። እባካችሁ ሳላብድ አንድ ነገር አስረዱኝ።

ሁለት የአርዱዪኖ ናኖ (ኮድ ተጭኖበት መብራትና ሰንሰር የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ) ቅጂ ቦርዶች አሉኝ። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ ነው የሚመስሉት። አንዱ ላይ ኮዴን ስጭን ያለ ምንም ንትርክ ይገባል። ሁለተኛው ግን ፈተና ሆኖብኛል። ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ፖርቱም ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፣ አፕሎድ ስለው ግን ትንሽ ዝም ይልና «ኖት ኢን ሲንክ» የሚል ቀይ ጽሑፍ እየደረደረ አስር ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ኬብል ቀይሬያለሁ። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ። ያው ነው።

ኮድ የምጭንበት የአርዱዪኖ ፕሮግራም ቱልስ ሜኑ ውስጥ «ፕሮሰሰር» የሚል ቦታ አለ፣ ሦስት ምርጫ አለው፦ ኤቲሜጋ328ፒ፣ ኤቲሜጋ328ፒ ኦልድ ቡትሎደር እና ኤቲሜጋ168። ሁሉም መመሪያ «ቺፑ ላይ የተጻፈውን እዩ» ይላል። አየሁ፤ ሲኤች340 ይላል። እንዲህ የሚባል ምርጫ ግን ሜኑው ውስጥ የለም። ቦርዱ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ?

ዘጠኝ ቮልት

ወንድሜ፣ ማንም አልተበላሸም። ሌላ ቺፕ ነው ያነበብከው።

ሲኤች340 አስተርጓሚ ነው። የኮምፒውተሩን ዩኤስቢ ዋናው ቺፕ ወደሚሰማው ቋንቋ፣ ወደ ሲሪያል ይቀይራል፣ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። ኮድህ እሱ ውስጥ አይገባም። ፖርቱ ታየ ማለትም አስተርጓሚው በሕይወት አለ ማለት ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው ቺፕ ምን እንደሆነ አይነግርህም። ሌሎች ቦርዶች ላይ በሱ ቦታ ሲፒ2102 ወይም ኤፍቲ232 ታገኛለህ፣ ሥራቸው አንድ ነው።

ናኖ ላይ ሲኤች340 ብዙ ጊዜ በቦርዱ ሆድ በኩል ነው የሚቀመጠው፣ ረዘም ያለው እግሮቹ በሁለት ጎን ብቻ የተደረደሩት። አንተ የምትፈልገው ከላይ ያለውን ነው፤ ካሬ ሆኖ ዘመም ብሎ የተቀመጠው፣ በአራቱም ጎን ስምንት ስምንት እግር ያለው። ጽሑፉ ጠፍቷል እንዳትል። ፊት ለፊት ስታየው ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ነው። የስልክህን ባትሪ አብራና ከጎን፣ ከቦርዱ ጋር ጋደም አድርገህ አብራበት፤ ከዚያ በሌላ ስልክ ፎቶ አንስተህ አጉላው። ይሄም ካልሆነ ላዩን በአልኮል ጥረግና ጠመኔ ቀባበት፣ መልሰህ በጣትህ ስትጠርገው ጠመኔው ፊደሎቹ ውስጥ ይቀራል።

ስታነብ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ፊደላት አትዝለል። 328፣ 328ፒ እና 328ፒቢ ሦስት የተለያዩ ቺፖች ናቸው። ከሰረዝ በኋላ የሚመጣው «ኤዩ» ወይም «ፒዩ» ግን ስለ ቅርጹ ነው፤ ኤዩ ጠፍጣፋው ባለ32 እግር ነው፣ ፒዩ ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ28 እግር። እሱ ለምርጫህ ምንም አይለውጥም።

አሁን ስለ ሦስቱ ምርጫዎች። ብዙ ሰው የቺፕ ስም ብቻ ይመስሉታል። ከያንዳንዳቸው ጀርባ ግን የንግግር ፍጥነትም አለ፤ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ሆኖ ኮድህን የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያወራበት። የመጀመሪያው 115200፣ ኦልድ ቡትሎደር 57600፣ 168ቱ ደግሞ 19200 ነው። «ኖት ኢን ሲንክ» ማለትም ኮምፒውተሩ አንድ ነገር እያለ ቺፑ የሚመልሰው አልገባውም፣ ወይም ጭራሽ መልስ አላገኘም ማለት ነው። አርዱዪኖ ራሱ ናኖን በአዲሱ ቡትሎደር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ቅጂ የሚሠሩት ግን አሮጌውን መጫን አልተዉም። ስለዚህ መጀመሪያ ኦልድ ቡትሎደር የሚለውን ሞክር። ከሠራ ወሬው አለቀ።

ፈጣን ጣት

ባትሪ፣ ጠመኔ፣ አልኮል... ክሊኒክ ከፈታችሁ እንዴ? ሦስት ምርጫ ነው ያለው። ሦስቱንም በየተራ መሞከር ነው፣ አንዱ ይገባል።

አጎት ሪሴት

ፈጣን ጣት፣ ለናኖ ልክ ነህ፣ ሦስቱንም ብትሞክር የሚሞት ነገር የለም። ችግሩ ይሄን ልማድ አድርገህ ሌላ ቦርድ ላይ ስትወስደው ነው።

ፕሮ ሚኒን ተመልከት። ባለ 5 ቮልት 16 ሜጋኸርዝ አለ፣ ባለ 3.3 ቮልት 8 ሜጋኸርዝ አለ። ቦርዱ ያው ነው፣ ቺፑም 328ፒ ነው፣ የሁለቱም የአፕሎድ ፍጥነት 57600 ነው። ስለዚህ ተሳስተህ ብትመርጥም ኮዱ ይገባል! ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ቅሬታ የለ። ባለ 8ቱ ላይ 16 ብለህ ስትጭን ግን አንድ ሰከንድ ያልከው ሁለት ሰከንድ ይሆናል፣ ሲሪያሉን 9600 ብለህ ስትከፍተው በ4800 ያወራል፣ ሞኒተሩ ላይ የምታየው የሰይጣን ጽሕፈት ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰንሰር ስወቅስ ከርሜያለሁ። ሰንሰሩን ቀየርኩ፣ ላይብረሪውን ቀየርኩ፣ ሽቦውን በሙሉ እንደገና በየድኩ። በመጨረሻ መብራቱ በየሰከንዱ ብልጭ እንዲል አዝዤ በሰዓት ስቆጥረው ግማሽ ፍጥነት ነው። የዚያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ፕሮ ማይክሮ ደግሞ ይብሳል። እሱ ላይ ያለው 32ዩ4 አስተርጓሚ የለውም፣ ዩኤስቢውን የሚያወራው ራሱ ነው። ባለ 8 ሜጋኸርዙ ላይ የ16ቱን ከመረጥክ የዩኤስቢው ሰዓት ይዛባና ኮዱ ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ጭራሽ አያየውም። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም፤ ሪሴቱን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ስትነካው ቡትሎደሩ ለጥቂት ሰከንድ ይነቃል፣ በዚያች ክፍተት ትክክለኛውን መርጦ መጫን ነው። ግን እጅህ ፈጣን መሆን አለበት፣ ስምህ ያግዝሃል :)

ስለዚህ ከቺፑ ስም ሌላ ፍጥነቱንም እወቁ። ቦርዱ ላይ ብርማ ክሪስታል ካለ 16.000 ወይም 8.000 ተጽፎበታል። ጽሑፍ የሌለው ትንሽ ከሆነ የመብራቱ ፈተና በቂ ነው።

ሽቦ በሽቦ

ዘጠኝ ቮልት፣ በመጀመሪያ ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ :)

ሁለተኛ፣ ኦልድ ቡትሎደርን መረጥኩ። «ኖት ኢን ሲንክ» ጠፋ! ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሌላ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ለኤቲሜጋ328ፒ የሚጠበቀው ሲግኔቸር 1ኢ 95 0ኤፍ ነው ይላል፣ ያገኘው ግን 1ኢ 95 16 ነው። ከዚያ ያቆማል።

ጠመኔውንም ሞክሬዋለሁ። ሜጋ328ፒ የሚለው ወጣልኝ፣ ከፒዋ ቀጥሎ አንድ ነገር አለ፣ ቢ ትሁን 8 ትሁን ዓይኔ እስኪጠፋ ባይ አልለየሁትም።

ዘጠኝ ቮልት

ይቅርታ እህቴ፣ የሰው ልጅ ነኝ፣ ከሜኑ ውስጥ ተሳስቼ መረጥኩ።

ስህተቱ ተለወጠ ማለት ግን ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ አይግባቡም ነበር፣ አሁን ተግባብተው ነው የተጣሉት። እያንዳንዱ የኤቪአር ቺፕ (ኤቲሜጋዎቹ የዚህ ቤተሰብ ናቸው) ባለ ሦስት ባይት መታወቂያ አለው፣ ሲግኔቸር የሚባለው እሱ ነው። 328ፒ 1ኢ 95 0ኤፍ ነው። ያለ ፒ የሆነው 328 ደግሞ 1ኢ 95 14። 168ቱ 1ኢ 94 06 ነው። ያንቺው 1ኢ 95 16 ደግሞ 328ፒቢ ነው። ስለዚህ ያየሻት ቢ ናት።

ለወደፊቱ 00 00 00 ወይም ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ካየሽ እሱ የማንም መታወቂያ አይደለም። ሽቦ አልነካም፣ ወይም ቺፑ ኃይል አላገኘም ማለት ነው። እሱን ይዘሽ የቺፕ ስም ፍለጋ እንዳትገቢ።

328ፒቢ የ328ፒ ታናሽ ወንድም ነው። የተጨመረለት ነገር አለ፤ ሁለተኛ ሲሪያል፣ ሁለተኛ አይ2ሲ፣ ተጨማሪ ታይመሮች። ለ328ፒ የተሠራ ኮድ አብዛኛው ጊዜ ይሠራበታል። በይነመረብ ላይ ማይነስ ኤፍ ጨምረሽ በግድ አልፊ የሚል ምክር ታገኛለሽ፣ ኤቪአርዱድ (ኮዱን ወደ ቺፑ የሚልከው ፕሮግራም) መታወቂያውን እንዳያጣራ ማዘዝ ማለት ነው። እዚህ ላይ ምናልባት ይሠራልሽ ይሆናል። እኔ ግን አልወደውም። በር ላይ ያለውን ዘበኛ ማባረር ነው፤ በተለይ ፊውዝ (የቺፑን መሠረታዊ ቅንብር) የምትነኪ ቀን ዘበኛው ያስፈልግሻል። ሚኒኮር የሚባለውን የቦርድ ጥቅል ጫኚ፣ 328ፒቢን በስሙ ያውቀዋል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። 328ፒ ላይ 3ኛው እግር ግራውንድ፣ 6ኛው እግር ደግሞ ኃይል ናቸው። ፒቢው ላይ ግን እነዚህ ሁለቱ ተራ ፒን ሆነዋል፣ ፒኢ0 እና ፒኢ1 ይባላሉ። ቦርድሽ ለ328ፒ በተሣለ ንድፍ ላይ ፒቢ የተበየደበት ከሆነ ሁለቱ ፒኖች ከግራውንድና ከ5 ቮልት ጋር ተገናኝተዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ኦ ተጨማሪ ፒን!» ብለሽ አውትፑት አድርገሽ እንዳትከፍቻቸው፣ ሾርት ነው የሚሆነው።

ጠመኔ

ዘጠኝ ቮልት ያለው በሙሉ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለለ። መታወቂያውን ማን ነው የነገራት?

በዩኤስቢ ስትጠይቂ መልሱን የሚሰጥሽ ቺፑ ሳይሆን ቡትሎደሩ ነው። ቡትሎደር እንደማንኛውም ኮድ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ «ማን ነህ?» ሲባል አሮጌውም፣ ኦፕቲቡት የሚባለው አዲሱም ሲሠሩ የተሰጣቸውን ቁጥር ነው የሚመልሱት። የ328ፒ ቡትሎደር በ328 ላይ ብትጭኚ፣ ቺፑ ሌላ ሆኖ ሳለ «328ፒ ነኝ» እያለ ይኖራል። የሰው መታወቂያ ይዞ እንደ መዞር ነው። የነዚህ ቅጂ ቦርዶች ሠሪዎች ደግሞ ያገኙትን ቺፕ በየደው ያገኙትን ቡትሎደር ነው የሚጭኑበት።

ቺፑን ራሱን መጠየቅ ከፈለግሽ በአይኤስፒ በኩል ነው፣ ማለትም ቡትሎደሩን አልፎ በሽቦ ከቺፑ ጋር በቀጥታ በሚያገናኘው መንገድ። ለዚህ ፕሮግራመር (ቺፕ ላይ ኮድ የሚጽፍ መሣሪያ) መግዛት የለብሽም፣ የሚሠራው ናኖሽ ይበቃል። ኤግዛምፕልስ ውስጥ አርዱዪኖአይኤስፒ የሚለውን ስኬች (ዝግጁ ኮድ) እሱ ላይ ጫኚ። ከዚያ ከሚሠራው 10 ቁጥር ፒን ወደ ሌላኛው ሪሴት፣ 11 ወደ 11፣ 12 ወደ 12፣ 13 ወደ 13፣ 5 ቮልትና ግራውንድም እንዲሁ። ፕሮግራመር በሆነው ቦርድ ላይ ከሪሴት ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጊ፣ ማይነሱ ወደ ግራውንድ። ስኬቹን ከጫንሽ በኋላ እንጂ በፊት እንዳታደርጊው፣ አለበለዚያ ስኬቹ ራሱ አይገባልሽም። ካፓሲተሩ ኮምፒውተሩ ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ፕሮግራመሩ ራሱ ሪሴት እንዳያደርግ ነው።

በዚያ መንገድ የሚመጣው ሦስት ባይት ከሲሊከኑ የወጣ ነው።

ሽቦ በሽቦ

እሺ፣ ማታውን በዚህ አሳለፍኩ።

መጀመሪያ 00 00 00 አለኝ። ቺፑ ተቃጠለ ብዬ ልቤ ወደቀ። ከዚያ ዘጠኝ ቮልት ያለውን አስታውሼ ሽቦዎቹን ሳይ 11ን ወደ 12 ነው የሰካሁት። አስተካክዬ ስጠይቀው 1ኢ 95 16። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሦስቴም ያው። ፒቢ ነው።

ሚኒኮርን ጫንኩ፣ 328ፒቢ፣ ኤክስተርናል 16 ሜጋኸርዝ መረጥኩና በርን ቡትሎደር አልኩ። ገባ። አሁን ኮዱን በዩኤስቢ በኩል ያለ ንትርክ ይቀበላል። የመብራቱን ፈተናም አደረግኩ፣ 60 ብልጭታ በአንድ ደቂቃ፣ ልክ ነው። አጎት ሪሴት፣ ላንተ ስል ነው የቆጠርኩት።

ሰማያዊ ክኒን

ይቅርታ መሐል ገባሁ። የኤቪአሩ ገባኝ። ኢኤስፒ32 የሚባለው ሌላ ቺፕ ላይስ? ቺፑ በብረት ክዳን ስለተሸፈነ ምንም አይታይም። ብሉ ፒል የሚባል ቦርድም አለኝ፣ እሱ ላይ ኤስቲኤም32ኤፍ103 ተብሎ በግልጽ ተጽፎበታል፣ ግን ፕሮግራሙ «አንኤክስፔክትድ አይዲኮድ» ይለኛል።

ጠመኔ

ኢኤስፒው ቀላል ነው። ክዳኑን አትንካው። ኢኤስፒቱል (ኮድ የሚጭንበት ፕሮግራም) ቺፑን ሳትነግረው ራሱ ይለየዋል፣ ሲገናኝ ስሙን ይጽፍልሃል፤ ኢኤስፒ32 ይሁን፣ ኤስ2፣ ኤስ3 ወይም ሲ3። ተሳስተህ ከነገርከውም «ይሄ ቺፕ እንዲህ ነው እንጂ እንዲያ አይደለም» ብሎ ያቆምሃል። እዚህ ላይ መልሱን ማመን ትችላለህ፣ ምክንያቱም የሚያወራህ ፋብሪካ ውስጥ ሮም ላይ የተቀረጸ ቡትሎደር ነው፣ ማንም ሻጭ ሊቀይረው አይችልም። ልዩነቱን ደግሞ አትናቀው፤ ኢኤስፒ32 ላይ ቡትሎደሩ የሚጻፈው አድራሻ 0ኤክስ1000 ላይ ነው፣ ኤስ3 እና ሲ3 ላይ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ሲ3 ጭራሽ ሪስክ ፋይቭ የሚባል ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ነው፣ የአንዱ ኮድ በሌላው ላይ አይሄድም።

ራስቤሪ ፓይ ፒኮም እንዲሁ ነው። ቡትሴል ቁልፉን ተጭነህ ስትሰካው እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ስሙን እይ። አርፒአይ-አርፒ2 ካለ የመጀመሪያው አርፒ2040 ነው፣ አርፒ2350 ካለ ፒኮ 2 ነው።

ብሉ ፒሉ ነው አስቸጋሪው። ስሙን ማንበብ ራሱ ጥሩ ነው፤ ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8ቲ6 ሲል ሲዋ 48 እግር፣ 8ቷ 64 ኪሎባይት ፍላሽ፣ ቲዋ የቅርጹ፣ የመጨረሻዋ 6 የሙቀት ክልሉ ናት። በ8 ቦታ 6 ካለ 32 ኪሎባይት፣ ቢ ካለ 128 ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ጽሑፉም ይዋሻል። ትክክለኛው ኤፍ103 በኤስቲ-ሊንክ (የነዚህ ቺፖች ፕሮግራመር) መታወቂያውን፣ ያንን አይዲኮድ ሲጠየቅ 1ቢኤ01477 ነው የሚመልሰው። 2ቢኤ01477 ካለህ ላዩ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ውስጡ ያለው ቅጂ ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ የሚጠበቀውን ቁጥር በኦፕንኦሲዲ (ቺፑን በኤስቲ-ሊንክ የሚያናግረው ፕሮግራም) ማስተካከያ ውስጥ ቀይረህ መቀጠል ትችላለህ። ግን አንድ ነገር በማይገባ መንገድ ሲያስቸግርህ መጀመሪያ ኮድህን አትጠርጥር።

ሰማያዊ ክኒን

2ቢኤ ነው የሚለው። በቃ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ያንን ጽሑፍ አምኜ አንድ ሳምንት ከኮዴ ጋር ተጣልቻለሁ።

ሽቦ በሽቦ

አንድ ነገር ልጨምር። ጠመኔ ያለው ከነከነኝና ቦታ አቀያየርኳቸው። ፒቢውን ፕሮግራመር አደረግኩትና ያንን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ችግር ሲሠራ የነበረውን፣ ጨዋውን ናኖዬን በአይኤስፒ ጠየቅኩት።

1ኢ 95 14።

ፒ የለውም! እስከ ዛሬ በዩኤስቢ በኩል 328ፒ ነኝ ሲለኝ ነበር። ከሁለቱ አንዱም 328ፒ አይደለም ማለት ነው። አሁን ይሄኛው ላይ ምን ላድርግ?

ጠመኔ

ምንም አታድርጊ። የሚሠራ ነገር አይነካም። ማህደረ ትውስታው አንድ ነው፣ ፒኖቹ አንድ ናቸው፣ ለ328ፒ የተሠራ ኮድ ይሄድበታል። በባትሪ የሚሠራ፣ ረጅም ጊዜ የሚተኛ ነገር የምትሠሪ ከሆነ ብቻ ነው ልዩነቱ የሚሰማሽ። 328ፒ በእንቅልፍ ሰዓት ቮልቴጅ የሚጠብቀውን ክፍል በኮድ ማጥፋት ይችላል፣ ያለ ፒው ግን አይችልም። አንድ ቀን በአይኤስፒ በኩል የምትጭኚበት ከሆነም ኤቲሜጋ328 ብለሽ ምረጪ፣ አለበለዚያ ያ ዘበኛ ያስቆምሻል።

ሽቦ በሽቦ

እሺ። ሆዳቸው ላይ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ «328» እና «328ፒቢ፣ ሚኒኮር» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ፈጣን ጣት

እኔ ግን አሁንም ሦስቱንም ነው የምሞክረው።